ከመድኃኒቱ በፊት ምርመራው ይግባ

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ሐምሌ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. ዶርዳቪፕሮን የተባለውን እንክብል ከፈቀደ ወዲህ፣ ዜናው ወደ ብዙ ሰው ጆሮ የደረሰው «የአንጎል ዕጢ መድኃኒት ተገኘ» ተብሎ ነው። ይህ አነጋገር አሳስቦናል። ታማሚ ልጅ ይዞ ሌሊቱን የሚያነጋ ወላጅ ይህን ከሰማ ቤቱን ሸጦም ቢሆን ወደ ውጭ ለመሄድ ይነሳል።

መድኃኒቱ የተፈቀደው ኤች 3 ኬ 27 ኤም የተባለ የዘረመል ለውጥ ላለው የአንጎል መሐል ዕጢ፣ ያውም ታክመው ለተባባሰባቸው ሕሙማን ነው። በጥናቱ ከተመዘኑት 50 ሰዎች ዕጢው በጉልህ የቀነሰላቸው 22 በመቶው ናቸው። ከእርሱ ልክ አንድ ዓመት ቀድሞ የተፈቀደው ቮራሲዴኒብ የተባለው መድኃኒትም የአይ ዲ ኤች ዘረመል ለውጥ ላለባቸው፣ ቀስ ብለው ለሚያድጉ ዕጢዎች ነው፤ 331 ሕሙማን በተሳተፉበት ጥናት በሽታው ሳይባባስ የቆየበትን መካከለኛ ጊዜ ከ11.1 ወደ 27.7 ወር አድርሶታል። ትልቅ እመርታ ነው። ነገር ግን የዘረመል ለውጡ ሳይታወቅ ሁለቱም አይታዘዙም።

የሚያስቆጨን እዚህ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው አመዳደብ ብዙ ዓይነት የአንጎል ዕጢ ያለ ዘረመል ምርመራ ሙሉ ስም አይሰጠውም። በእኛ መንግሥታዊ ሆስፒታሎች ግን ምርመራው የዘወትር አገልግሎት አልሆነም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌይ ሐኪሞች ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የአንጎል ቀዶ ሐኪሞችን ሲያሠለጥን ቆይቷል። እነዚህ ሐኪሞች ለሰዓታት ደክመው ያወጡት ዕጢ በማይክሮስኮፕ በመልኩ ብቻ ከተፈረጀ ድካማቸው መንገድ ላይ ይቀራል።

ምርመራው ደግሞ ሩቅ አይደለም። ቀስ ብለው በሚያድጉት ዕጢዎች ከሚታየው የአይ ዲ ኤች ለውጥ 90 በመቶ ያህሉ አንድ ዓይነት ሲሆን፣ በተለመደው የናሙና መስታወት ላይ በሚደረግ ልዩ ማቅለሚያ ይለያል። የኤች 3 ለውጥም እንዲሁ። ለአብዛኛው ሕመምተኛ ውድ የዘረመል ማንበቢያ መሣሪያ የግድ አያስፈልግም፤ የሠለጠነ ባለሙያና የማይቋረጥ የማቅለሚያ አቅርቦት ይበቃል። መድኃኒቱ ገና ባይደርሰን እንኳ ውጤቱ ሐኪሙ ሕመሙ ምን ያህል እንደሚፈጥን አውቆ ቤተሰቡን እንዲያማክር ያስችላል።

ጤና ሚኒስቴር የጨረር ሕክምናን ከጥቁር አንበሳ ውጭ ለማስፋፋት ያደረገው ጥረት የሚመሰገን ነው። የውጭ ምንዛሪ እጥረቱንም እንረዳለን። ሆኖም ሁለት ማቅለሚያዎችን በመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት የግዥ ዝርዝር ማስገባትና ከክልል ናሙና የሚቀበል አንድ ማዕከላዊ ላቦራቶሪ መሰየም በዚህ በጀት ዓመት ሊሠራ የሚችል ነው ብለን እናምናለን። ሚኒስቴሩ ውሳኔውን ለሕዝብ እንዲያሳውቅ በአክብሮት እንጠይቃለን።

ቤተሰቦችም ንብረት ከመሸጣችሁ በፊት በቀዶ ሕክምና የወጣው ናሙና የት እንደተቀመጠ ሆስፒታሉን ጠይቁ። በሰም ተደርጎ የተቀመጠ ናሙና ከዓመታት በኋላም ሊመረመር ይችላል።