እናትህ ከማን ጋር ይውላሉ?

አንባቢ ሆይ! አንተ ጧት ወደ መሥሪያ ቤት ስትገሠግሥ እናትህ ከማን ጋር ይውላሉ? እኔ ይህን ለብዙ ጊዜ አልጠየቅሁም ነበር። ደመወዜ አዳሪ ሠራተኛ ለመቅጠር ስለማይበቃ በሳምንት ሁለት ቀን ልብስ የምታጥብ ተመላላሽ ያዝሁ። ልብሱ ነጣ፤ እናቴ ግን ቡና ማፍላት ተዉ። «ብቻዬን ለማን ላፍላ?» አሉኝ።

በኋላ ከጎረቤቴ ጋር ተማክረን፥ ማታ የምትማር አንዲት ወጣት በጋራ ቀጠርን። ጧት ለእርሱ፥ ከቀትር በኋላ ለእኔ ትሠራለች፤ ደመወዟን እኩል እንከፍላለን። ደላላ አልፈለግንም፤ ያገናኙንም ዋስ የሆኗትም የእድራችን ሴቶች ናቸው። ከእናቴ ጋር ቡና የምትጠጣበት ጊዜ እንደ ሥራ ሰዓት እንዲቆጠርላት ብል ጎረቤቴ ሳቀብኝ።

አንተም ስትቀጥር ውሉን ጻፈው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቤት ሠራተኛን አይሸፍንምና፥ ደመወዟ፥ የዕረፍት ቀኗና የትምህርት ሰዓቷ በወረቀት ላይ ይሥፈሩ። 11 ሰዓት ሲሆንም፥ ወጡ ባይበስል እንኳ፥ ልቀቃት።

እናቴ ፊደል አልቆጠሩም፤ ልጅቱ ግን ቡናው እስኪፈላ ጥናቷን ጮክ ብላ ታነባለች። ትናንት ማታ የዓባይን ገባሮች በቃላቸው ቆጠሩልኝ።