ልጄ ገበሬ ልሁን ሲለኝ

ባለፈው ሳምንት ስለ ልጆች የእንቅልፍ ሰዓት የጀመርኩትን ወሬ እቀጥላለሁ ብዬ ነበር። ይቅርታ አድርጉልኝና እሱ ይቆየን፤ ቤቴ ሌላ ጉዳይ ገብቷል።

እሑድ ከምሳ በኋላ ሁለተኛው ቡና ቀርቦ ሳለ የበኩር ልጄ፣ «እማዬ፣ ሥራዬን ልለቅ አስቤያለሁ» አለኝ። ሲኒው ከእጄ ሊወድቅ ምንም አልቀረውም። ለካስ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሲመክሩ ከርመዋል። ከከተማ ወጣ ብለው መሬት ሊከራዩ፣ ሦስቱም ከነሚስቶቻቸውና ከነልጆቻቸው አንድ ግቢ ሊኖሩ፣ የሚበሉትን ራሳቸው ሊያመርቱ፣ ጠዋትና ማታ አብረው ሊጸልዩ ነው። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ አንድ ፊልም አሳየኝ። ህንድ አገር፣ ከሙምባይ በስተሰሜን ያለ ጎቫርዳን የሚባል የእርሻ መንደር ነው። የክሪሽና አማኞች የመሠረቱት ነው አለኝ። ላሞቹ ያምራሉ፤ ሰዉም ደስተኛ ይመስላል። «እነሱ በቬዳ መጻሕፍታቸው ይህን ከሠሩ፣ እኛ በራሳችን እምነት ምን ያቅተናል?» አለኝ።

እኔ ደግሞ የገበሬ ልጅ ነኝ። ጎጃም ውስጥ የጤፍ አረም ሳርም ወገቤ የተቆረጠ፣ ከዚያ ወገብ ቁርጠት ለማምለጥ በእግሬ ደብረ ማርቆስ ድረስ ሄጄ የተማርኩ ሰው ነኝ። አባቴ አንዱን በሬ ሸጦ ነው ያስተማረኝ። ስለዚህ ልጄ ሲናገር የታየኝ ላሞቹ አይደሉም፤ ያ የተሸጠው በሬ ነው። አፌ ላይ የመጣውን ብናገር ኖሮ ቡናው መራራ ይሆን ነበር። «ሳምንት ስጠኝ» ብቻ አልኩት።

በእኔ ዘመን ሁለተኛ ደረጃ የተማራችሁ ሁሉ የህንድ መምህራንን ታስታውሳላችሁ። የእኛ የሳይንስ መምህር ሰዓት ሲተርፋቸው ስለ ጋንዲ እርሻ ያወሩልን ነበር። ያኔ የገባኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የጋንዲ ተማሪዎች ጠዋት ሲቆፍሩ ውለው ከሰዓት በኋላ ክፍል ውስጥ ያንጎላጃሉ፤ መምህሮቻቸውም ዓይናቸው ላይ ውኃ ይረጩባቸዋል። እኛ እንደዚያ ስቀን አናውቅም። አሁን ግን ለልጄ መልስ ስፈልግ ጋንዲ ራሱ ስለዚያ እርሻ የጻፈውን አግኝቼ ሌሊቱን ሳነብ አደርኩ።

እርሻው ደቡብ አፍሪካ ነው። ጋንዲ እዚያ ጠበቃ ሳለ በ1904 ደርባን አጠገብ ፊኒክስ የሚባል 100 ኤከር ላይ የመጀመሪያውን ሰፈር አቋቁሞ ነበር። እኔ የማወራችሁ ግን በ1910 ጆሃንስበርግ አጠገብ ስለተጀመረው ስለ ሁለተኛው፣ የቶልስቶይ እርሻ ስለሚባለው ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው።) ህንዳውያን አድሎአዊ ሕግ አንቀበልም ብለው እየታሰሩ ነበር፤ ያባወራ እስር ቤት ሲገባ ሚስትና ልጆች የት ይደሩ? ኸርማን ካለንባክ የሚባል ጀርመናዊ አይሁድ አርክቴክት የነበረ ወዳጁ 1,100 ኤከር መሬት ገዝቶ ያለ ኪራይ ሰጠ። በእኛ በድሮው መለኪያ ወደ 11 ጋሻ መሆኑ ነው። ወደ 1,000 የሚጠጉ የፍራፍሬ ዛፎች፣ ጉድጓዶችና ምንጭም ነበሩበት። ይህን ለልጄ አስምሬበታለሁ፤ ራሱን የቻለው መንደር መጀመሪያ የአንድ ሀብታም ኪስ አስፈልጎታል። በእኛ አገር ደግሞ መሬት አይሸጥም፤ የኪራዩ ዘመን ሲያልቅስ?

እምነቱ የመጣው ከየት ነው ብትሉ፣ ኢሻ ኡፓኒሻድ የሚባለው ጥንታዊ የቬዳ ጽሑፍ ገና ሲጀምር በዓለም ያለው ሁሉ የፈጣሪ ነው፤ ሰው የተሰጠውን ይጠቀም፣ የሌላውን አይመኝ የሚል ሐሳብ አለው። ጋንዲ ይህን እጅግ ይወድ ነበር። ባጋቫድ ጊታ ምዕራፍ 3 ላይ ደግሞ መሥዋዕቱን ሳያቀርብ የሚበላ ሌባ ነው የሚል አለ። ጋንዲ መሥዋዕቱን የእጅ ሥራ ብሎ ተረጎመው፤ ላቡን ያላፈሰሰ አይብላ ማለቱ ነው። እናቴ መጽሐፍ ሳታነብ ትለው የነበረ ነገር ነው።

ስለዚህ እርሻው ላይ አገልጋይ አልነበረም። ምግብ ማብሰሉን፣ መጸዳጃ ማጽዳቱን፣ ቤት መሥራቱን ሁሉ ራሳቸው ያዙት። ስንዴ በእጅ ወፍጮ ይፈጫሉ፤ ከብርቱካን ማርማላታ፣ ከለውዝ ቅቤ ይሠራሉ። ካለንባክ ማሪያንሂል ከሚባለው የካቶሊክ ገዳም ጫማ መስፋት ተምሮ መጥቶ ለጋንዲ፣ ጋንዲም ለሌሎቹ አስተማሩ። ሲጋራና መጠጥ ክልክል ነው። ለግል ጉዳዩ ጆሃንስበርግ የሚሄድ ሰው ባቡር አይሳፈርም፤ በእግሩ ነው። መንገዱ 34 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ ከአዲስ አበባ ዱከም እንደማለት። ሌሊት 8 ሰዓት ተነስተው፣ ስንቃቸውን ይዘው፣ በዚያው ቀን የሚመለሱ ነበሩ። የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት በር እስከ መኪናው ያለውን መንገድ ይረዝምብኛል የሚል መሆኑን እዚህ ጋ ባነሳ አትፍረዱብኝ።

የወደድኩት ሌላ ነው። ሂንዱ፣ ሙስሊም፣ ክርስቲያን፣ ፓርሲ አብረው ይበሉ ነበር። ጋንዲ ሥጋ የሚበሉት ከጠየቁ እንደማይከለክል ነገራቸው፤ እነሱ ግን በአንድ ማዕድ ጾም ምግብ መብላቱን መረጡ። ረመዳን ሲመጣ የሙስሊም ልጆቹ ብቻቸውን እንዳይሆኑ ሌሎቹም አብረዋቸው ጾሙ። መምህር ራሱ የማይሠራውን ሥራ ልጅ እንዲሠራ አይታዘዝም የሚል ደንብም ነበራቸው። ይህቺን ደንብ በየቤታችን ብንሰቅላት ስንቶቻችን እንወድቃለን? እኔ እወድቃለሁ።

አንድ ቀን ጋንዲ ውሸት ያበዛና ጠብ የሚወድ የ17 ዓመት ተማሪ አስቸገረውና ማስመሪያ አንስቶ ክንዱን መታው። ሲመታ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ልጁ አልቅሶ ይቅርታ ጠየቀ፤ ጋንዲ ግን ዕድሜውን ሙሉ ሲጸጸትበት ኖሯል። እኛ አለንጋ የበላን፣ አለንጋም ያበላን ሰዎች ይህን ስናነብ ዝም ማለት ይሻለናል።

አሁን ወደሚያስጨንቀኝ ልምጣ። ጋንዲ የገዛ ልጆቹን መደበኛ ትምህርት ቤት አላስገባም፤ ከእሱና ከእርሻው የሚያገኙት ይበቃል ብሎ አመነ። የበኩሩ ሃሪላል በአባቱ ትግል ደጋግሞ የታሰረ ጎበዝ ነበር፤ ሰዉ ትንሹ ጋንዲ ይለው ነበር። ግን መማር ይፈልጋል። አንድ ወዳጅ ከጋንዲ ልጆች አንዱን እንግሊዝ አገር ላስተምር ሲል ጋንዲ ዕድሉን ለሌላ ወጣት ሰጠው። ለልጆቼ አላዳላም ማለቱ ነው። በ1911 ሃሪላል ቤቱን ጥሎ ወጣ፤ በ23 ዓመቱ ትምህርት ቤት ሊገባ ወደ ህንድ ሄደ። ከዚያ በኋላ መጠጡ፣ ከአባት ጋር መቆራረጡ መጣ። አባቱ በተገደለ በወራት ውስጥ፣ በ1948፣ እሱም ሞተ። ጋንዲ ልጆቼ በትምህርታቸው ነገር በእኔ ቅሬታ ቢኖራቸው ምክንያት አላቸው የሚል ቃል በሕይወት ታሪኩ አስፍሯል።

እርሻው መጥፎ ነበር ልል አይደለም፤ እዚያ ያደጉ ሌሎች ልጆች ተለውጠውበታል። ነገር ግን እምነቱ የአባት ነው፤ ዋጋውን የከፈለው ልጅ ነው። አባቴ በተቃራኒው በሬውን ሸጦ መንገድ ሲከፍትልኝ እሱም አልጠየቀኝም፤ ስለዚህ አልጠየቃችሁም ብዬ ለመክሰስ አፌን ብዙ አልከፍትም።

ሐሙስ ማታ ልጄ መጣ። የሃሪላልን ታሪክ ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና «እኔ ትምህርት አላቋርጥባቸውም» አለ። «ትምህርት ቤቱ ከማሳው ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» አልኩት። አላወቀም። «ውኃውስ ከስንት ሜትር ይወጣል?» እሱንም አላወቀም። «ሚስትህስ?» ስለው ምራቴ ከጓዳ ሆና፣ «እኔ አንድ ዓመት ሥራዬን ሳልለቅ ልሞክረው ብያለሁ እማማ» አለች። ጎሽ አልኩ በሆዴ። የልጅ ልጄን ግን ማንም አልጠየቀውም ነበር። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ጠርቼ ነገሩን ሳስረዳው ጥቂት አሰበና፣ «እማማ፣ ጓደኞቼም ይመጣሉ?» አለኝ። አባቱ መልስ አላገኘለትም፤ እኔም አላገኘሁም።

ቅዳሜ ቦታውን ልናይ አራታችንም እንሄዳለን። ላስቲክ ጫማዬን ከአልጋ ሥር አውጥቼ አጥቤዋለሁ። አፈሩን በእጄ ሳልጨብጥ ምንም እንዳትፈርሙ ብዬዋለሁ።