መዝገቡ የማያውቀው መሣሪያ

አንድ የኦክስጅን ኮንሰንትሬተር ከውጭ ተልኮ ወደ አንድ የኢትዮጵያ ሆስፒታል ገባ እንበል። ንብረት ክፍሉ በሞዴል 19 ይረከበዋል፤ መለያ ቁጥር ይለጠፍበታል፤ ስሙ፣ ዋጋው፣ የገባበት ቀንና የተመደበበት ክፍል በኮምፒውተር ይመዘገባል። ኦዲተር ቢመጣ የሚነቅፈው ነገር የለም። በሦስተኛው ወር ማሽኑ ይቆማል። የተጠራው የባዮሜዲካል ባለሙያ መዝገቡን ሲከፍት ግን ለጥገና ከሚያስፈልገው መረጃ አንዱንም አያገኝም። ማሽኑ የተሠራው ለስንት ቮልትና ለስንት ሄርዝ ነው? እስከ ስንት ሜትር ከፍታ ድረስ በአግባቡ ይሠራል? ማጣሪያው ከየት ይገዛል? መዝገቡ ዕቃው መኖሩን ያውቃል፤ ከዚያ ያለፈውን አያውቅም።

ጉዳዩ የአንድ ሆስፒታል ችግር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ የዱክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት ከ16 አገሮች የተሰበሰቡ የ112,040 የሕክምና መሣሪያዎችን የቆጠራ መዝገብ መርምሮ ነበር። ከመሣሪያዎቹ 38.3 በመቶ የሚሆኑት አገልግሎት አይሰጡም ነበር። በዋና ምክንያትነት የተጠቀሱት የሥልጠና ማነስ፣ የመሣሪያ አስተዳደር ድክመትና የመሠረተ ልማት ጉድለት ናቸው። ከሦስቱ በአነስተኛ ወጪ ሊታረም የሚችለው ሁለተኛው ነው፤ መታረም የሚጀምረውም ከመዝገቡ ነው።

በዓለም ላይ በስፋት ከሚሠራባቸው የንብረት አስተዳደር ሶፍትዌሮች ብዙዎቹ የተወለዱት ለቢሮ ነው። በነፃ የሚገኘውና ምንጩ ክፍት የሆነው ስናይፕ አይቲ ለምሳሌ በመጀመሪያ የታሰበው ላፕቶፕና ስልክ ለማን እንደተሰጠ ለመከታተል ነበር። ስለዚህ አብረውት የሚመጡት የመረጃ ሳጥኖች የመለያ ቁጥር፣ የሞዴል ስም፣ የግዢ ቀን፣ ዋጋና የዋስትና ጊዜ ናቸው። የሕፃናት ማሞቂያ ሙቀት ለመጨረሻ ጊዜ የተለካው መቼ እንደሆነ የሚጠይቅ ሳጥን የለውም። ሆኖም ተጠቃሚው የራሱን ሳጥን እንዲጨምር ይፈቅዳል፤ ሳጥኑ ቁጥር ብቻ ወይም ቀን ብቻ እንዲቀበል ማድረግ፣ ከዝርዝር እንዲመረጥበት ማዘዝ፣ የተወሰኑ ሳጥኖችንም በአንድነት አስሮ ከአንድ የመሣሪያ ዓይነት ጋር ማያያዝ ይቻላል። የአልትራሳውንዱ ሳጥኖች በወንበሩ ገጽ ላይ አይታዩም፤ የወንበሩም በአልትራሳውንዱ።

ይህ ዕድል በብዙ ቦታ የሚባክነው ሳጥኖቹን የሚፈጥረው ሰው መሣሪያውን ከፍቶ የማያውቅ በመሆኑ ነው። ሶፍትዌሩን የሚተክለው የኮምፒውተር ባለሙያ ወይም ሪፖርት የሚጠብቀው ኃላፊ ለራሱ የሚያስፈልገውን ይጨምራል፤ የበጀት ኮድ፣ የለጋሽ ስም፣ የፕሮጀክት ቁጥር። እነዚህ ጥፋት አይደሉም፤ ግን ማሽን አያስነሡም።

የኤሌክትሪኩን ጉዳይ እንመልከት። ኢትዮጵያ 220 ቮልትና 50 ሄርዝ ትጠቀማለች፤ አሜሪካ 120 ቮልትና 60 ሄርዝ። ከዋሽንግተን የተላከ ማሽን ትራንስፎርመር ቢገዛለት ችግሩ የተፈታ ይመስላል። ትራንስፎርመር ግን ቮልቱን እንጂ ሄርዙን አይለውጥም። ለ60 ሄርዝ ብቻ የተሠራ የኮንሰንትሬተር መጭመቂያ በ50 ሄርዝ ላይ ቀስ ብሎ ይዞራል፤ የሚሰጠው አየር ያንሳል፤ ይሞቃልም። ከሳዑዲ ዓረቢያ የሚመጣው ደግሞ ይበልጥ ያሳስታል፤ ቮልቴጁ ከኢትዮጵያው ጋር ስለሚቀራረብ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ይነሣል፤ ይሁን እንጂ የዚያ አገር ኤሌክትሪክ 60 ሄርዝ ነው። ከጎረቤቷ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች የሚመጣው 50 ነው። ስለዚህ «ከዓረብ አገር የመጣ» የሚል ማስታወሻ ምንም አይነግርም፤ «60 ሄርዝ ብቻ» የምትል አንዲት ሳጥን ግን ማሽኑ ከመሰካቱ በፊት ታስቆማለች።

ከፍታም እንዲሁ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ያለች ከተማ ስትሆን የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ኮንሰንትሬተር ኦክስጅን የሚያወጣው ከዚሁ ከሳሳው አየር ነው። አምራቹ በመመሪያው ላይ ያስቀመጠው የከፍታ ገደብ ካለፈ የኦክስጅኑ ንጽሕና ሊወርድ ይችላል። ሰመራ ላይ በአግባቡ የሚሠራው ማሽን ደብረ ብርሃን ላይ ላያገለግል ይችላል፤ ሰመራ ላይ ያለው ፈተና ሙቀቱና አቧራው ነው። የከፍታ ገደቡ በመዝገቡ ላይ ሰፍሮ ቢሆን ኖሮ ክልሉ ማሽኖቹን ሲያከፋፍል የትኛው ወዴት እንደሚሄድ ይመራው ነበር። መመሪያው ግን ብዙ ጊዜ ከካርቶኑ ጋር አብሮ ይጣላል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው የቀን ነገር ነው። በአንድ ወረቀት ላይ «05/06/2015» ተብሎ ተጽፎ ቢገኝ አሜሪካዊው ሜይ 6 ቀን 2015 ይለዋል፤ አውሮፓዊው ጁን 5 ቀን 2015። የኢትዮጵያው ንብረት ክፍል ግን የካቲት 5 ቀን 2015 ዓ.ም. ብሎ ነው የጻፈው፤ ይህም እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2023 ነው። ሶፍትዌሩ ሦስቱን አይለይም፤ በተስተካከለበት መንገድ አንዱን ያለ ጥያቄ ይቀበላል። ጉዳቱ ከስሕተት በላይ ነው። በ2012 ዓ.ም. የተገዛ፣ የአገልግሎት ዘመኑም አሥር ዓመት የሆነ መሣሪያ ዓመቱ እንደ ፈረንጆቹ ከተነበበ፣ ሶፍትዌሩ እ.ኤ.አ. በ2022 ዕድሜው አልቋል ብሎ ለመወገድ ያቀርበዋል፤ እውነተኛ ዕድሜው ግን ያኔ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ሶፍትዌሩ በሚያውቀው ሳጥን የፈረንጁ ቀን ይግባ፤ ከጎኑ በተጨመረ ሳጥን ደግሞ ቀኑ በሰነዱ ላይ እንደተጻፈ ይቀመጥ፤ ሦስተኛዋ ሳጥን «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚል ምርጫ ብቻ ትያዝ። ማንም ሰው ሰነዱን ከመዝገቡ ጋር አስተያይቶ ስሕተቱን ማረም ይችላል።

አማርኛ የራሱን ወጥመድም ያመጣል። ለአንባቢ «አይሠራም» እና «አይሰራም» አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ሁለት ቃላት ናቸው። «ሕፃናት» የሚለው ቃል በ«ሕ» እና በ«ህ»፣ በ«ፃ» እና በ«ጻ» ሲቀያየር አራት መልክ ያወጣል። አንድ ኃላፊ ለጥገና በጀት ሊጠይቅ የተበላሹትን በ«አይሰራም» ቢፈልግ በ«ሠ» የተጻፉት ሁሉ ከዝርዝሩ ይቀራሉ። የትኛው ፊደል ትክክል ነው የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ መተው ይሻላል፤ ለመዝገቡ የሚያስፈልገው የመሣሪያው ይዞታና ዓይነት በእጅ እንዳይጻፍ፣ ከተዘጋጀ ዝርዝር እንዲመረጥ ማድረግ ነው።

ሳጥን መጨመር ሲጀመር ማቆም እንደሚከብድ ግን መታወቅ አለበት። ዛሬ የተጨመረች ሳጥን ትናንት በተመዘገቡት ሁሉ ላይ ባዶ ሆና ትታያለች። ባዶነቱ የሚያሳፍረው ኃላፊ ሳጥኗ ካልተሞላች መዝገቡ እንዳይቀመጥ ያዛል፤ መዝጋቢውም «0» ወይም «የለም» እያለ ያልፋታል። ባዶ ሳጥን ያልታወቀውን አልታወቀም ይላል፤ በግድ የተሞላችው ግን ትዋሻለች፤ ውሸቷንም በኋላ ለይቶ ማውጣት አይቻልም። ስለዚህ አንድ ሳጥን ከመፈጠሯ በፊት ማን እንደሚያያትና ምን እንደሚወስንባት ካልተነገረ ባትፈጠር ይሻላል። ለሆስፒታል መሣሪያ ቮልትና ሄርዝ፣ የከፍታ ገደብ፣ አላቂ ዕቃው ከየት እንደሚገኝ፣ የመጨረሻው የልኬት ፍተሻ ቀንና የመመሪያው ቅጂ ያለበት ቦታ ለመነሻ ይበቃሉ። ከዚያ በላይ የሚጠይቅ ካለ፣ ፈቃዱን የሚሰጠው ጠጋኙ እንጂ ሪፖርት ጠያቂው መሆን የለበትም።

በውጭ የሚኖሩ ወገኖች በማኅበር ተሰባስበው የሚልኩት ዕርዳታ እዚህ ላይ ይገናኛል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ስለ ሕክምና መሣሪያ ልገሳ ባወጣው ሰነድ ተቀባዩ ምን እንደሚያስፈልገውና ምን መጠቀም እንደሚችል አስቀድሞ እንዲጠየቅ መክሯል። ምክሩ በስልክ «ምን ትፈልጋላችሁ?» ተብሎ ብቻ ሊፈጸም አይችልም፤ ለሚጠየቀው ሰው ዕርዳታን እምቢ ማለት ይከብደዋልና። የተቀባዩ ሆስፒታል ሳጥኖች ለላኪው ተልከው እዚያው ቢሞሉ ግን እምቢታው ከሰው አፍ መውጣት አያስፈልገውም፤ ቅጹ ራሱ ይናገራል። እነዚህን ጥቂት ሳጥኖች መሙላት ያልቻለ ማኅበር ኮንቴይነር ባይጭን ይመረጣል። ቃሉ በበጎ ፈቃድ ለሚደክሙ ሰዎች ከባድ ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ የማይሠራን ማሽን ማጓጓዝ፣ ከጉምሩክ ማውጣት፣ ማስቀመጥና በመጨረሻ ማስወገድ ሁሉ የተቀባዩን ገንዘብና ቦታ ይበላል፤ በመዝገብ ላይም «ኮንሰንትሬተር አለ» ስለሚል ሌላ የመጠየቅ ዕድሉን ያጠብበታል።

ከሳጥኖቹ አብዛኞቹን ለመሙላት ባለሙያ እንኳ አያስፈልግም። ቮልቱ፣ ሄርዙ፣ የፋብሪካ ቁጥሩና ብዙ ጊዜም የተመረተበት ዓመት በመሣሪያው ጀርባ በተለጠፈች አነስተኛ ሰሌዳ ላይ ታትመዋል፤ አንድ የስልክ ፎቶግራፍ ይበቃቸዋል። ፎቶግራፉ ግን መነሣት ያለበት መጋዘኑ ውስጥ ነው፤ የኮንቴይነሩ በር ከታሸገ በኋላ ያቺን ሰሌዳ ዳግመኛ የሚያያት ሰው የሚገኘው ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ ነው።