ልጆቹ ለማን ይጻፉ?

በጅማ መንገድ ላይ ባለችው ተጂ ከተማ 7ኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። አብዛኞቹ ተማሪዎቼ በአፋን ኦሮሞ አፋቸውን የፈቱ ናቸው። «አንቀጽ ጻፉ» ባልኩ ቁጥር የሚቀድመው ጥያቄ «ቲቸር፣ ከስንት ይያዛል?» የሚል ነው። አልፈርድባቸውም። የጻፉትን ከእኔ በቀር የሚያነብ የለም፤ እኔም የማነበው ማርክ ልሰጥ ነው። ስልሳ ደብተር ታቅፎ ወደ ቤቱ የሚገባ መምህር ደግሞ በሴሚስተር ስንት ጊዜ ሊያጽፍ ይችላል?

ፈተናውም አያግዘንም። የ8ኛ ክፍሉ ሚኒስትሪም፣ የ12ኛ ክፍሉም ምርጫ ነው። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ናቸው ሲባል አገር ደነገጠ። ያ ፈተና እንኳ መጻፍ መቻላቸውን አልለካም። አንድ ልጅ የራሱን አንድ ገጽ ሳይጽፍ፣ መልስ እያጠቆረ ዩኒቨርሲቲ ይደርሳል።

ስለዚህ ለልጆቹ አንባቢ እንፈልግላቸው እላለሁ። የግድግዳ ጋዜጣ በየትምህርት ቤቱ የሚታወቅ ነገር ነው፤ ካርቶን፣ ማርከርና ሙጫ ይበቃዋል። ነገር ግን ብዙውን ጊዜ የሚለጠፍበት ከየትም የተገለበጠ ጥቅስ፣ «ይህን ያውቁ ኖሯል» እና «ለፈገግታ» ነው። ሚኒ ሚዲያው በሰልፍ ላይ የሚያነበውም ያንኑ ነው። የተገለበጠ ነገር መለጠፍ የለበትም። ልጁ ያየውን፣ የቤቱንና የሰፈሩን ይጻፍ።

አንዱ ተማሪዬ አባቱ ሽምብራ በነሐሴ እንደሚዘራ ጽፎ ለጠፈ። የግቢው ዘበኛ ቆመው አነበቡትና ጠሩት። «ልጄ፣ በነሐሴ የእኛ ዋልካ ላይ ውኃ ተኝቶበታል። አባትህን በደንብ ጠይቀህ ና» አሉት። በማግስቱ ልጁ ሌላ ወረቀት ይዞ መጣ። መሬቱ እስኪጠነፍፍ ጠብቆ በመስከረም እንደሚዘራ፣ ያለ ዝናብ አፈሩ በያዘው እርጥበት ብቻ እንደሚበቅል፣ የጓያውም ነገር እንዲሁ እንደሆነ ጽፏል። የመጀመሪያው አራት መስመር ነበር፤ ሁለተኛው ገጹን ሞልቶ ወደ ጀርባው ዞሯል። እኔ በቀይ እስክሪብቶ ብሰርዝበት ኖሮ ስንቱን ፊደል እንደሳተ ቆጥሮ ዝም ይል ነበር። ስለ አካባቢያችን ስለ በቾ እርሻ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ አንባቢ ስላገኘ ግን አባቱን ሊጠይቅ ሄደ።

ያለ ትልቅ ማተሚያ ቤት ለጽሑፍ አንባቢ ማግኘት አዲስ ነገር አይደለም። በምኒልክ ዘመን የወጣችው የመጀመሪያዋ የአማርኛ ጋዜጣ «አእምሮ» ስትጀመር በእጅ እየተጻፈች ነበር የምትሰራጨው። ፈረንሳዊው መምህር ሴሌስታን ፍሬኔ ደግሞ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ሳንባው ቆስሎ ስለተመለሰ ክፍል ውስጥ ብዙ መናገር ያደክመው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አነስተኛ ማተሚያ ክፍሉ ውስጥ አስገብቶ ልጆቹ የራሳቸውን ጽሑፍ እያተሙ በሌላኛው የአገሪቱ ጫፍ፣ በብሪታኒ ካለ ትምህርት ቤት ጋር እንዲለዋወጡ አደረገ። የብሪታኒን ኑሮ የማያውቅ ልጅ ስለ ዓሣ አጥማጆች ከእኩያው አነበበ።

እኛ ማተሚያ ባይኖረን የጅማ መንገድ አለን። የልጆቹን ጽሑፍ ይዞ ከተጂ የተነሳ ፖስታ በሚኒባስ ተፍኪን አልፎ ሰበታ ለመድረስ ግማሽ ቀን አይፈጅበትም። የፋብሪካ ጭስ እያየ ያደገ የሰበታ ልጅ ስለ ሽምብራው ይጠይቅ፤ የእኛዎቹም ስለ ፋብሪካው ይጠይቁ።

«ሚኒስትሪ እያለ ለዚህ ጊዜ ከየት ይመጣል?» የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። ጭንቀታቸው ይገባኛል። ግን በሳምንት የምጠይቀው አንዲት ክፍለ ጊዜ ነው፤ ልጆቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው እያነበቡ ስለሚተራረሙም የመምህሩ ሸክም ይቀላል። ሁለት ነገር ብቻ አጥብቄ እላለሁ። የሚለጠፈው የደረጃ ተማሪዎች ጽሑፍ ብቻ አይሁን፤ ሁሉም ተራ ይድረሰው። ትምህርት ጽሕፈት ቤቶችም ከሴሚስተሩ 100 ማርክ ውስጥ 10ሩን ለዚህ ይመድቡ፤ ያኔ «ከስንት ይያዛል?» ለሚለው ልጅ መልስ ይኖረናል።