«ለእንቁጣጣሽ ይደርሳል አይደል?»

ባለፈው ዓመት ነሐሴ አጋማሽ ላይ እዚህ ኦስሎ ያለው የእድራችን ሰብሳቢ ደወሉልኝ። የአባላት መዝገብና የወርኃዊ መዋጮ መከታተያ እንድሠራላቸው ፈልገው ነበር። «ለእንቁጣጣሽ ይደርሳል አይደል ልጄ?» አሉኝ። «ይደርሳል ጋሼ» አልኩ። የደረሰው ለገና ነው።

ኮዱን መጻፉ ብዙም አልፈጀም። ጊዜዬን የበላው ያልቆጠርኩት ሥራ ነው። የድሮው ደብተር በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ በመሆኑ፣ 12 ወር ብቻ በሚያውቀው ፕሮግራሜ ውስጥ ለጳጉሜን ቦታ አልነበራትም። አንዴ «ኃይሉ» አንዴ «ሀይሉ» ተብለው የተመዘገቡ አንድ አባል ሁለት ሰው ሆነው ወጡ፤ አንደኛው ባለዕዳ። በዚህ ላይ የትምህርት ቤት ፈተና አለ።

ከመዘግየቱ የከፋው ግን አለመናገሬ ነው። ጋሼ በደወሉ ቁጥር «ትንሽ ነው የቀረው» እላለሁ። ገንዘብ ያዡ አዲሱን ሲጠብቁ ደብተሩን መሙላት አቆሙ። የጥቅምትንና የኅዳርን መዋጮ ማን ከፍሎ ማን እንደቀረ፣ በኋላ ከባንክ ወረቀት አንድ በአንድ ለቅመን ነው ያወቅነው።

እዚሁ ኦስሎ በሲሙላ የምርምር ተቋም የሠሩት ማግኔ ዮርገንሰን የሶፍትዌር ሥራ ጊዜ ግምትን ለብዙ ዓመታት አጥንተዋል። እሳቸውና ባልደረባቸው በ2004 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ጥናት፣ ደንበኛው አስቀድሞ የጠራው ቁጥር ስለ ሥራው ምንም እንደማይናገር ለባለሙያዎቹ ቢነገራቸውም እንኳ ግምታቸውን ወደ ራሱ ይስበዋል። የእኛ ላይ ደግሞ ይሉኝታ ይጨመርበታል። ታላቅን «አይደርስም» ማለት ነውር ስለሚመስለን፣ ሰውዬው የሚፈልጉትን ቀን መልሰን እንነግራቸውና ግምት እንለዋለን።

ብቻችሁን ኮድ ለምትጽፉ ወንድም እህቶቼ የምለው ይህን ነው። ቀን ስትጠየቁ «እስከ ነገ ላስብበት» በሉ። ያለፈው ሥራችሁ በእውነት ስንት ሳምንት እንደፈጀ ከዚያ ተነሱ። አንድ ቀን ከመቁረጥ «ቢፈጥን 6፣ ቢዘገይ 14 ሳምንት» ብላችሁ ሁለቱንም ንገሩ። ሲዘገይ ደግሞ ሳይደወልላችሁ ደውሉ።

«እንዲህ ካልኩ ሥራውን ለሌላ ይሰጡብኛል» የሚል አይጠፋም። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ያኔ «ለገና ነው ጋሼ» ብያቸው ቢሆን ኖሮ ለአንድ ቀን ቅር ይላቸው ነበር፤ ደብተሩ ግን አይቋረጥም ነበር።