ባትሪው ሲታመም ወዴት እንውሰደው?

አዲስ አበባ ውስጥ መኪና የተበላሸበት ሰው ከወዳጅ ዘመድ የሚሰማው ምክር ብዙ ዓይነት አይደለም። «ተክለ ሃይማኖት ሂድና ሶማሌ ተራ ጠይቅ» ይባላል፤ አለቀ። ስፖኪዮው የተሰበረበት፣ ፍሪሲዮኑ ያለቀበት፣ ሞተሪኖው የደከመበት፣ ማርሚታው የተበሳበት ሁሉ መድኃኒቱን እዚያ ይፈልጋል። ፋብሪካው ማምረት ካቆመ ዓመታት ያለፉትን የላዳ ዕቃ ሳይቀር ከየትም ፈልፍለው የሚያወጡ ልጆች አሉ። ዕቃው ጨርሶ ከጠፋ ደግሞ የሌላ መኪና ዕቃ ሞርደው፣ በይደው፣ አስማምተው ይገጥሙታል። እኛ ይህን ሙያ እናከብረዋለን። ትምህርት ነው፤ የሚሰጠው በዘይት በራሰ ቱታ መሆኑ ትምህርትነቱን አያሳንሰውም።

እንግዲህ የዛሬው ጥያቄያችን ይህ ነው፦ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ሲታመምስ ወዴት እንውሰደው?

ጥያቄው የቅንጦት እንዳይመስላችሁ። መንግሥት በ2014 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ መኪናዎችን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነጻ አደረገ። ጥር 2016 ላይ ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ ኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አሳወቁ። ዓለም ገና «እናስብበት» በሚልበት ሰዓት ኢትዮጵያ ቀድማ በሩን ዘጋች። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ነዳጅ በዶላር ይገዛል፤ ኤሌክትሪኩ ግን ከወንዞቻችን ይመነጫል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። በነዳጅ ሰልፍ ላይ ቀኑ የመሸበት ሰው ይህን ሐሳብ ይቃወማል ብለን አንገምትም፤ እኛም አንቃወምም።

የኛ ቅሬታ ሌላ ነው። ስለ መኪናው ዋጋ ተወራ፣ ስለ ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያ ተወራ፣ ስለ ቀረጡ ተወራ። ከመኪናው ዕቃ ሁሉ ውዱ ባትሪው ሆኖ ሳለ ባትሪውን ማን ይመረምረዋል፣ ማን ይጠግነዋል የሚለው ግን የሚገባውን ያህል አልተወራም። መኪናው ገብቷል፤ መኪናውን የሚያድነው እውቀት በመኪናው ፍጥነት አልገባም።

ልዩነቱ የት እንደሆነ ለማየት ከምናውቀው ባትሪ እንነሳ። ሣጥን ነው፤ ስድስት ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ ክፍል ሁለት ቮልት ከምናምን ይሰጣል፤ ድምሩ 12 ይባላል። ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ እ.ኤ.አ. በ1859 ከሠራው ወዲህ መሠረቱ አልተለወጠም፦ እርሳስና አሲድ። ትልቁ ሥራው ሞተሪኖውን ለጥቂት ሰከንድ አዙሮ ሞተሩን ማስነሳት ነው፤ ከዚያ በኋላ ዲናሞው ይረከበዋል። ቢደክም ጎረቤት መኪና ኬብል ያበድራል፤ ኬብል ከጠፋ ደግሞ «ወንድሞች፣ አንድ ጊዜ ግፉልኝ» ነው። ኤሌትሪሺያኑም ቆጣሪውን አውጥቶ 12.6 ቮልት ካየ «ሙሉ ነው» ይላል፣ 12 ካየ «ባዶ ነው» ይላል፣ ሞተሩ ተነስቶ 14 ገደማ ካላየ ደግሞ «ባትሪህ ደህና ነው፣ ዲናሞህን አሳየኝ» ይላል። ሦስት ቁጥር፣ አንድ መሣሪያ፤ ምርመራው አለቀ።

አዲሱ ባትሪ ሌላ ፍጥረት ነው። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1991 ለገበያ ያወጣው የሊትየም አዮን ባትሪ ዘመድ ሲሆን፣ በአብዛኛው ከመኪናው ወለል ሥር ተነጥፎ ይተኛል። ኤልኤፍፒ የሚባለው ዓይነት ከሆነ አንዱ ሴል 3.2 ቮልት ገደማ ነው። መቶ ሴል በተከታታይ ሲሰለፍ 320 ቮልት ይሆናል።

ነገሩን በዕቁብ እናስረዳው። መቶ ሰው ዕቁብ ገብቷል እንበል። ዕቁቡ የሚሄደው በሀብታሙ አባል ጉልበት አይደለም፤ አንድ ደካማ አባል መጣል ሲያቅተው ዙሩ በሙሉ ይናጋል። የተሰለፉት ሴሎችም እንዲሁ ናቸው። 99ኙ ጉልበት ቢኖራቸውም አንዱ ቀድሞ ባዶ ከሆነ መኪናው መቆም አለበት፤ አለዚያ ያ ሴል ይጎዳል። ሲሞላም አንዱ ቀድሞ ከሞላ መሙላቱ መቆም አለበት፤ አለዚያ ያ ሴል ይግላል፣ ነገሩ ከከፋም እሳት ይነሳል። ስለዚህ ዳኛና ጸሐፊ ያስፈልጋል። ያ ዳኛ ቢኤምኤስ ይባላል፤ ባትሪውን የሚያስተዳድር ኮምፒውተር ማለት ነው። የሴሎቹን ቮልት፣ የባትሪውን ሙቀት፣ የሚገባና የሚወጣውን ከረንት ይከታተላል። ቀድሞ የሞላውን ሴል ትርፉን አቃጥሎ ከባልንጀሮቹ ጋር ያስተካክላል። አደጋ ሲያይ ደግሞ ኮንታክተሩን ከፍቶ ባትሪውን ከመኪናው ይቆርጠዋል።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። የዚያን የሦስት ቁጥር ምርመራ ይህ ባትሪ አይቀበለውም። የኤልኤፍፒ ሴል ቮልት ከ20 እስከ 80 ከመቶ ባለው መካከል ብዙም ንቅንቅ አይልም፤ ግማሽ ይሁን ሩብ በቆጣሪ አይታወቅም። አጠቃላይ ቮልቱ ደህና ሆኖ ውስጡ አንድ ሴል እየሞተ ሊሆን ይችላል። በሽታውን የሚያውቀው ዳኛው ነው፤ መዝገቡም እሱ ዘንድ ነው። መዝገቡን ለማንበብ ደግሞ የአምራቹ ሶፍትዌር ያስፈልጋል። ከተማችን ውስጥ ከሚሄዱት መካከል ለቻይና ገበያ ታስበው የተሠሩ፣ ስክሪናቸው ቻይንኛ ብቻ የሚያወራ መኪናዎች እንዳሉ ታውቃላችሁ። ሐኪሙ በሽተኛውን አግኝቶ አስተርጓሚ አጣ ማለት ነው።

ይህ እውቀት ሲጎድል ምን እንደሚመጣ ለማየት ከእንጦጦ ወደ ተክለ ሃይማኖት እንውረድ። ቁልቁለቱን 600 ሜትር፣ መኪናውን 1,800 ኪሎ ብንለው፣ በዚያ መውረድ ውስጥ ወደ 3 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ጉልበት አለ። የነዳጅ መኪና ይህን ጉልበት በፍሬን ሸራ አግሎ ይበትነዋል። የኤሌክትሪክ መኪና ግን ሞተሩን ወደ ዲናሞነት ቀይሮ ከፊሉን ለባትሪው ይመልሳል፤ መኪናውም በዚያው ይያዛል። ሌሊቱን እላይ 100 ከመቶ ሞልቶ ያደረ ባትሪ ግን ስጦታውን መቀበል አይችልም፤ ቦታ የለውማ! ዳኛው «ሞልቷል» ብሎ ይመልሰዋል። ሹፌሩም እግሩን ከቤንዚን መስጫው ሲያነሳ (ስሙ እስካሁን ቤንዚን መስጫ ነው፤ ምን እናድርግ) መኪናው እንደ ልማዱ አልያዝ ሲለው «ፍሬኔ ተበላሸ» ብሎ ጋራዥ ይሮጣል። የተበላሸ ነገር የለም። ይህን የሚነግረው ባለሙያ ካጣ ግን ደህናው ፍሬን ይፈታለታል፤ ሒሳቡንም ይከፍላል።

ደግሞ የሚያስቅም አለ። የኤሌክትሪክ መኪናም በአብዛኛው ያቺን የድሮ ትንሽ የ12 ቮልት ባትሪ ይዞ ይዞራል። የበሩ ቁልፍ፣ ስክሪኑ፣ ኮምፒውተሮቹ፣ ትልቁን ባትሪ የሚያገናኘው ኮንታክተር ሳይቀር የሚታዘዙት በእሷ ነው። እሷ ስትደክም ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ መኪናው ይገተራል፤ ጎተራው ሙሉ፣ ቁልፉ የጠፋ ማለት ነው። እሷን መመርመርና መለወጥ ደግሞ የሶማሌ ተራ የዕለት እንጀራ ነው። ስለዚህ «እነዚህ ልጆች ለኤሌክትሪክ መኪና አይሆኑም» የሚለውን ወሬ አንቀበልም። መንገዱን ከፊሉን ሄደውታል።

ቀልዱ የሚያበቃው ብርቱካናማው ገመድ ላይ ነው። ያ ቀለም ከፍተኛ ቮልት የሚሄድበት መስመር ምልክት ነው። የሶማሌ ተራ ጥበብ የተገነባው «እስቲ ልሞክረው» በሚል ቃል ላይ ነው፤ ላዳን ያህል መኪና በዕድሜ ላይ ዕድሜ የጨመረውም ያ ድፍረት ነው። 12 ቮልት ላይ የሞከረ ሰው ቢሳሳት ብልጭታ አይቶ ይስቃል። 320 ቮልት ላይ የሞከረ ሰው ለመሳቅ ላይተርፍ ይችላል። መኪናው ጠፍቶም ባትሪው ውስጥ ያለው ቮልት አይጠፋም። ማቋረጫው መነቀል አለበት፣ በካፓሲተሮቹ ውስጥ የቀረው እስኪወርድ ደቂቃዎች መጠበቅ አለባቸው፣ ከረንት የማያሳልፍ ጓንት መደረግ አለበት፣ ከመንካት በፊት ዜሮ መሆኑ በመሣሪያ መረጋገጥ አለበት። ይህን ሳይነገረው ኮፈን ከፍቶ የሚገባ የአሥራ ሰባት ዓመት ተለማማጅ ቢኖር ጥፋቱ የማን ነው? የልጁ ነው የሚል ካለ እጁን ያውጣ።

የእንጀራውም ነገር አለ። የኤሌክትሪክ መኪና ካንዴላ የለውም፣ የሞተር ዘይት አይቀይርም፣ ማርሚታ አያውቅም፣ ፍሪሲዮን አይበላም። የዚያ ሰፈር መደርደሪያ ግማሹ የቆመው በእነዚህ ዕቃዎች ነው። እርግጥ አገር ውስጥ ያሉት የነዳጅ መኪናዎች ነገ ተነስተው አይጠፉም፤ ገና ብዙ ዓመት ይሄዳሉ። ይህ ጊዜ ለሰፈሩ የተሰጠ የመዘጋጃ ጊዜ ነው። ከተጠቀምንበት ያ ሁሉ ጋራዥ ወደ አዲሱ ሙያ ይሻገራል፤ ካልተጠቀምንበት የኤሌክትሪክ መኪና ጥገና የጥቂት ትልልቅ ድርጅቶች ርስት ይሆናል፤ ዋጋውንም እነሱ ይተምኑታል።

«ይህን ለአስመጪዎቹና ለአምራቹ ወኪል መተው አይሻልም ወይ? አደገኛ ነው ካላችሁ?» የሚለንን ሰው እንሰማዋለን። ክርክሩ ባዶ አይደለም። ግን ወኪሉ ከተማችን ውስጥ የሌለ መኪና የገዛ ሰው ምን ይሁን? ዋስትናው ያለቀበትስ? ወዳጃችን ሆይ፣ አዲስ አበባን እናውቃታለን፤ ኦፊሴሉ በር ሲወደድ ሰው ወደ ጎን በር ይሄዳል። የሶማሌ ተራ ልጅ ይህን ባትሪ መክፈቱ አይቀርም። ያለን ምርጫ አውቆ ይክፈተው ወይስ ሳያውቅ ይክፈተው የሚለው ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ መኪናው ሲገባም ሲሸጥም የባትሪው ጤና ከመቶ ስንት እንደሆነ የሚያሳይ ወረቀት አብሮ ይኑር፤ የዳኛውን መዝገብ ማንበብም የባለቤቱና የወከለው መካኒክ መብት ይሁን። ይህ የሕልም እንጀራ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው የባትሪ ሕግ ባለቤቱ ወይም የወከለው ሰው ይህን መረጃ ማንበብ እንዲችል አዟል፤ ከ2027 ጀምሮም የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ የራሱ ዲጂታል ፓስፖርት ይኖረዋል። እነሱ የነዳጅ መኪና እያስገቡ ይህን ካሰቡ፣ እኛ በሩን ዘግተን እንዴት አናስብ?

ሁለተኛ፣ ሥልጠናው በትምህርት ቤት አጥር ውስጥ አይቅር። ተግባረ ዕድ ሜክሲኮ አጠገብ ነው፤ ከተክለ ሃይማኖት በእግር ይደረሳል። ለሠራተኛው በሚመች ሰዓት፣ በአማርኛ፣ በጓንቱና በማቋረጫው የሚጀምር ትምህርት ይሰጥ። አሥር ዓመት ሞተር ሲፈታ የኖረን ሰው «መጀመሪያ ሰርተፍኬት አምጣ» ብሎ ከበር መመለስ ግን ሥልጠናውን መቀለጃ ማድረግ ነው።

ሦስተኛ፣ ለአሮጌ ባትሪ ሥርዓት ይበጅ። ከተጋጨ መኪና ዕቃ ማውጣት የሶማሌ ተራ ዋና ጥበብ ነው፤ ነገ የባትሪ ሞጁልም በዚሁ መንገድ መውጣቱ አይቀርም። ይሁንና አሮጌ ሞጁል አቅሙ ሳይለካ ከሌላው ጋር ከተገጠመ ያው የዕቁቡ ታሪክ ይመጣል፤ ደካማው ሁሉንም ይጎትታል። መለኪያ መሣሪያ በጋራ የሚጠቀሙበት ቦታ ለሰፈሩ ቢኖር ይህ ንግድ በደህና ይሄዳል። ለመኪና የደከመ ባትሪም መብራት ሲጠፋ ሱቅ ለማብራት ገና ጉልበት አለው።

መንግሥት ይህን ፖሊሲ ሲያወጣ ዶላር ለመቆጠብ አስቦ ነው። እሰየው። ነገር ግን በአንድ ሴል ምክንያት ሙሉ ባትሪ ተጥሎ አዲስ በዶላር ከመጣ፣ በነዳጅ ያዳነውን ገንዘብ በባትሪ መልሰን እናወጣዋለን። ያንን ዶላር ሊያድን የሚችለው ሰው ተክለ ሃይማኖት አካባቢ፣ ከአንድ የተፈታ መኪና ሥር ተኝቶ እየሠራ ነው። መጽሐፉን፣ ጓንቱንና የመዝገቡን ቁልፍ ይስጡት፤ የቀረውን እሱ ያውቅበታል።

ቸር እንሰንብት።