ሞተረኛውን መንገደኛ ስለ መቀበል

በእንግሊዝ አገር፣ በዮርክሽየር ደጋና በፒክ ዲስትሪክት ኮረብታዎች መካከል በበጋ ወራት ቅዳሜና እሑድ የሚዘዋወር ሰው፣ የቆዳ ልብስ ለብሰው፣ የራስ ቁር ደፍተው፣ በጠመዝማዛው መንገድ ተከታትለው የሚነጉዱ ሞተረኞችን ሳያይ አይመለስም። እነዚህ መንገደኞች የሚጓዙት ጉዳይ አስቸኩሏቸው ሳይሆን መንገዱን ራሱን ወደው ስለ ሆነ፣ ሲመሽባቸው ከገጠሩ መጠጥ ቤትና ማደሪያ የሚሹት ትኩስ ራት፣ ደረቅ አልጋና ሞተራቸው በሰላም የሚያድርበት ስፍራ ነው። ብዙ ባለቤቶችም «ሞተረኞች እንኳን ደኅና መጣችሁ» የሚል ሰሌዳ በደጃቸው ሰቅለዋል፤ ነገር ግን ሰሌዳውን አምኖ ቅዳሜ ማታ በሩን የሚያንኳኳ ብቸኛ ሞተረኛ «ከሁለት ሌሊት በታች አናሳድርም» የሚል መልስ የሚያገኝባቸው ቤቶች ጥቂት እንዳይደሉ ስመለከት፣ በዚህ ነገር ላይ አሳቤን ለመግለጽ ወደድሁ።

ሰሌዳውን ያመጣው የቀድሞው ጥላቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 በፋሲካ ሰሞን ክላክተን በምትባለው የባሕር ዳር ከተማ፣ ቀጥሎም በማርጌትና በብራይተን፣ ሮከርስ የተባሉት ሞተረኛ ወጣቶች ሞድስ ከተባሉት ባለ ስኩተሮች ጋር በተደባደቡ ጊዜ፣ ጋዜጦች ነገሩን ከመጠን በላይ አግንነው ስላወሩት፣ ጥቁር የቆዳ ጃኬት የለበሰ ሁሉ እንደ ሽፍታ ይታይ ጀመር፤ በየመጠጥ ቤቱም በር ሞተረኛ እንዳይገባ የሚከለክል ጽሕፈት ተለጠፈ። ከዚያ ሁለት ዓመት አስቀድሞ ግን፣ በምሥራቅ ለንደን በሃክኒ ዊክ ያገለግል የነበረ ቢል ሸርጎልድ የተባለ ቄስ፣ ራሱ ሞተር እየነዳ ወጣቶቹ ወደሚሰበሰቡበት ወደ ኤስ ካፌ ሄዶ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጋበዛቸው፤ በመጡም ጊዜ ጸሎት አድርሶ ባረካቸው፤ ፊፍቲ ናይን ክለብ የተባለውም የወጣቶች ማኅበር ደጁን ከፈተላቸው። (ሞተር ሳይክል በቤተ መቅደስ ቆሞ ቡራኬ ሲቀበል ማየት ለኛ አገር ምእመን እንግዳ ነገር ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን አዲስ መኪናውን ወደ ደብሩ ወስዶ ጠበል ያስረጨ ጎረቤት የሌለው ማን ነው?)

ሕጉም ቢሆን ለመንገደኛው ያደላል። እ.ኤ.አ. በ1956 የወጣው የእንግሊዝ የሆቴል ባለቤቶች ሕግ ከጥንት የወረሰውን ልማድ ሲያጸና፣ ሆቴል ማለት፣ የሚገባውን ዋጋ ለመክፈል የሚችልና ፈቃደኛ ለሚመስል፣ ለመስተንግዶም በሚበቃ ሁኔታ ላይ ለሚገኝ መንገደኛ ሁሉ፣ ያለ ልዩ ውል ምግብ፣ መጠጥና መኝታ የሚያቀርብ ቤት ነው ይላል። በጭቃ የተረጨ ሱሪ ሰውን ከዚህ መዓርግ የሚያወርደው አይመስለኝም። ይኸው ሕግ ግን የእንግዳው ተሽከርካሪ፣ ፈረሱም ቢሆን ከነዕቃው፣ ቢጠፋ ባለ ማደሪያውን በባለ ማደሪያነቱ ብቻ ተጠያቂ አያደርገውም፤ ስለዚህ ሞተረኛው ከሰሌዳው ይልቅ የሚቆለፍ ጎተራ ያለውን ቤት መፈለጉ ትክክል ነው።

ቀኑን ሙሉ ዝናብ ሲወርድበት የዋለ ሰው ምን እንደሚያስፈልገው የሚያውቅ ባለ ማደሪያ ብዙ ወጪ የለበትም። በአንድ የፔናይን ተራሮች መንደር ያየኋት አሮጊት ባለቤት፣ እንግዶቿ ገና ከሞተራቸው ሳይወርዱ የሳንቃ ቁራጮች ይዛ ወጥታ በየጎን መቆሚያው እግር ሥር አነጠፈች፤ ግቢዋ ጠጠር የፈሰሰበት ስለ ነበር፣ ሳንቃው ባይኖር ያ ሁሉ ክብደት በአንዲት ቀጭን ብረት ላይ አርፎ ሌሊት እየሰመጠ ሞተሩ መገልበጡ አይቀርም ነበር። ከዚያም የቆዳ ልብሱን ሁሉ የውኃ ማሞቂያው ባለበት ክፍል በሚስማር ላይ አሰቅላ፣ በርጥብ ጫማቸው ውስጥ አሮጌ ጋዜጣ እየጠቀጠቀች እስከ ጧት አደረቀችላቸው። በዚያ ቤት ደጅ ሰሌዳ አልነበረም።

የሁለት ሌሊት ደንብ ያወጡት ባለቤቶች ምክንያት የላቸውም አልልም፤ ለአንድ ሌሊት አንሶላ ማጠብና ክፍል ማሰናዳት ያደክማል፣ ትርፉንም ይበላል። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ1967 የወጣው የመንገድ ደኅንነት ሕግ የነጂውን ደም በ100 ሚሊ ሊትር ከ80 ሚሊ ግራም አልኮል እንዳያልፍ ከወሰነ ወዲህ፣ ስኮትላንድም በ2014 ወደ 50 ካወረደችው ወዲህ፣ የገጠር መጠጥ ቤት በአላፊ ነጂ ጠጪ ሊተዳደር እንደማይችል የታወቀ ነው። ለምሳ የቆመው ሞተረኛ ሻይ ጠጥቶ ይሄዳል፤ ራቱን በልቶ፣ ቢራውን ደግሞ፣ ቁርሱንም የሚያዝዘው ሞተሩን አቁሞ የሚያድረው ነው። እንግዲህ እርሱን ከደጅ የሚመልስ ባለቤት ማንን ሊያጠጣ ነው? በማክልስፊልድና በባክስተን መካከል፣ 515 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው፣ በሞተረኞች ዘንድ ዝነኛ የነበረው ካት ኤንድ ፊድል እንኳ በ2015 ተዘግቶ፣ ኋላ በውስኪ መጥመቂያነት ነው የተከፈተው።

ቴድ ሳይመን እ.ኤ.አ. በ1973 በትራያምፍ ሞተር ከእንግሊዝ ተነሥቶ ዓለምን ሲዞር በኢትዮጵያም አልፏል፤ በኛ አውራ ጎዳና ዳር ያለ ሆቴል ብዙ ነገር ቢጎድለው ግቢና ዘበኛ አይጎድለውምና፣ ሞተርን በማሳደር ረገድ ከብዙ የእንግሊዝ ቤቶች የምናንስ አይመስለኝም። ለእንግሊዞቹ የማቀርበው አሳብ ግን ቀላል ነው፦ ስምንት ክፍል ያለው ቤት አንዱን ክፍል ቅዳሜ እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ድረስ ለአንድ ሌሊት መንገደኛ ያቆይ፤ ለአንሶላው አጠባ ጥቂት ቢያስጨምርበትም ዝናብ የመታው ሰው አይከራከርም። ሞተረኛውም በበኩሉ እሑድ ማለዳ፣ መንደሩ ገና ተኝቶ ሳለ፣ ሞተሩን በየቤቱ ደጅ ከማስጓራት ተቆጥቦ እስከ አውራው መንገድ በዝግታ ይንዳ፤ ባለ ማደሪያውን ከጎረቤቶቹ ጋር ከሁሉ ይልቅ የሚያጣላው ይህ ነውና።